የነሐሴ አሥራ ሁለት ልጆች

ባለፈው የቡሄ ዋዜማ ከስድስት ኪሎ ወደ መገናኛ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነበርኩ። ሾፌሩ የከፈተው ኤፍ ኤም ላይ አንድ ምላሱ የፈጠነ ወጣት «ዛሬ ነሐሴ 12 ነው! ዛሬ የተወለዳችሁ እድለኞች፣ ልደታችሁን ከማን ጋር እንደምትጋሩ ታውቃላችሁ?» ብሎ ጠየቀና መልሱን ራሱ ሰጠ። ከዳግማዊ አፄ ምኒልክና ከእቴጌ ጣይቱ። ባልና ሚስት በአንድ ቀን! ከዚያ ሙዚቃ ገባ። ከሙዚቃው በኋላ የነሐሴ 12 ልጆች ጠባይ ተዘረዘረ፦ ቆራጥ፣ ለመሪነት የተፈጠሩ፣ ቂም የማይዙ፣ በፍቅር ረገድ ግን ታጋሽ ሰው የሚፈልጉ።

ረዳቱ ሒሳብ መሰብሰቡን ትቶ ያዳምጣል። «እኔም እኮ የነሐሴ ነኝ» አለ። ከፊት የተቀመጡ አንዲት እናት «ስንት ቀን የኔ ልጅ?» አሉት። «እሱን እናቴን መጠየቅ ነው። መታወቂያዬ ላይ መስከረም አንድ ነው የሚለው።» ታክሲው በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ወርጄ በእግሬ መሄድ ስጀምር ግን ሳቁ ጥሎኝ ሄደና ንዴቱ ብቻ አብሮኝ ቀረ።

ወዳጆቼ «ጨዋታ ነው፣ አንተ ደግሞ ምን ያናድድሃል?» ይሉኛል። ጨዋታ ከሆነማ ምን ከፋኝ። እኔን የሚያናድደኝ ለታላላቆቹ ያላወቅነውን ቀን እየፈጠርን የምንደግስ ሰዎች፣ እዚያው አጠገባችን ቆሞ «ሳበው!» የሚለው ልጅ የተወለደበትን ቀን ለመጻፍ እስክሪብቶ ማጣታችን ነው። ጠቡ ይሄ ነው። እስቲ ከላይ ልጀምር።

ምኒልክ አንጎለላ ላይ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. መወለዳቸውን የሚጠራጠር ብዙ ሰው የለም። የጣይቱስ? እኛ ዘንድ ተደጋግሞ የሚነገረው ነሐሴ 12 ቀን 1832 ዓ.ም. የሚለው ነው። የውጪዎቹን የታሪክ መጻሕፍት ብትገልጡ ደግሞ «1851 ገደማ» ይሏችኋል፣ በእኛ 1843 ገደማ መሆኑ ነው። ቀንም ወርም የለውም። ልዩነቱ አሥራ አንድ ዓመት ነው! በ1875 ዓ.ም. አንኮበር ላይ ምኒልክን ሲያገቡ በአንደኛው ሒሳብ የ43 ዓመት፣ በሌላኛው የ32 ዓመት ሴት ነበሩ። አንባቢዬ፣ በ43 እና በ32 መካከል ያለውን ልዩነት ለማወቅ ሚስትዎን መጠየቅ ብቻ ነው። የእቴጌይቱን ሕይወት፣ የቀደሙትን ትዳሮቻቸውን፣ ልጅ አለመውለዳቸውን፣ ቤተ መንግሥት ሲገቡ ይዘውት የገቡትን ብስለት የሚያስረዳው ይሄ ልዩነት ነበር። እኛ ግን ዓመቱን በወጉ ሳናውቅ ቀኑን አውቀናል። ዓመቱን ያልያዘ መዝገብ ቀኑን እንዴት ያዘው ብሎ የጠየቀ ሰው አላጋጠመኝም።

ሐሰት ነው አላልኩም። በአንድ ቀን ተወልደው ሊሆን ይችላል። አንዲት ባላባት ቤት የተወለደች ልጅ በቤተሰቧ «የነሐሴ ሚካኤል ለት ተወለደች» ተብላ ልትታወስ ትችላለች፣ 12 የሚካኤል ነውና። ችግሩ እዚሁ ላይ ነው። እናቶቻችን ልደትን በቁጥር ሳይሆን በታቦት ነው የሚያስታውሱት። ከሚካኤል በፊት ባለው ቀን የተወለደም፣ በማግስቱ የተወለደም፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ሲጠየቅ «የሚካኤል ለት» ይሆናል። ስለዚህ የእኛ አገር ልደቶች 12፣ 21፣ 23፣ 27 ላይ እንደ ወንዝ ዳር ጠጠር ተከማችተው ብታገኙ ምሥጢር አትፈልጉ። ታላላቆቹም የእናት ልጆች ናቸው። (በነገራችን ላይ የምኒልክ ሞት ከታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ጀምሮ ከሕዝብ ተደብቆ የኖረ ነው። ልደትን በግምት አክብሮ ሞትን በምሥጢር የሚይዝ ሕዝብ የታሪክ መምህራንን ሥራ አያሳጣም።)

እቴጌይቱ ነሐሴ 12 ባይወለዱስ ምን ይጎድልባቸዋል? የውጫሌን ውል 17ኛ አንቀጽ ተንኮል ፊት ለፊት የተቃወመች ሴት፣ መቀሌ ላይ የጣልያንን ምሽግ ውኃ ያስያዘች ሴት፣ አዲስ አበባን የቆረቆረችና ስሟን ያወጣች ሴት ከባሏ ጋር ልደት ስለተጋራች ነው እንድናደንቃት የሚፈለገው? ይሄ ሙገሳ መስሎ ማሳነስ ነው። የሠራችውን ከእጇ ነጥቆ ለኮከብ መስጠት ነው።

ኮከብ ካልን ዘንድ ሌላም ልጨምር። የእኛ አባቶች ኮከብ ሲቆጥሩ የሚጠይቁት የተወለድክበትን ቀን አልነበረም። ስምህንና የእናትህን ስም ነበር። ፊደሉን በቁጥር ደምረው፣ ገድፈው፣ የተረፈውን ይዘው ነው ሐመል ነህ፣ ሠውር ነህ፣ አሰድ ነህ የሚሉህ። ጥሩ ነው መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፣ እኔ አላምንበትም። ግን ቢያንስ ሰዉ የሚያውቀውን ነገር ነበር የሚጠይቁት። የእናቱን ስም የማያውቅ የለም። ዛሬ ኤፍ ኤሙ የሚያራባው ኮከብ ከፈረንጅ መጽሔት የተገለበጠ ነው፣ የሚሠራውም በፈረንጅ ቀን ነው። ሲገለብጡት ደግሞ ይፈሳል። አንዴ እዚያው ጣቢያ ላይ «የካቲት 12 የተወለዱ ታላላቆች» ተብሎ የአብርሃም ሊንከንና የቻርልስ ዳርዊን ስም ተጠራ። ፌብሩዋሪ 12 ማለቱ ነው ልጁ። በእኛ የካቲት 12 ምን እንደሆነ ልንገራችሁ? በ1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ የአዲስ አበባ ሕዝብ በአካፋና በዶማ የተጨፈጨፈበት ቀን ነው። ስድስት ኪሎ ሐውልቱ ቆሟል። በዚያ ቀን ስም «መልካም ልደት» ሲባል የሰማሁ ጊዜ ሬዲዮኔን ዘጋሁት።

በቀን ቆጠራ ነገር የሚሳሳተው ግን የእኛ ልጅ ብቻ አይደለም። ዓድዋን ውሰዱ። ጦርነቱ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፣ በፈረንጅ ማርች 1 ቀን 1896። ዛሬ የካቲት 23ን ስናከብር ፈረንጅ ማርች 2 ላይ ነው። ለምን? የእነሱ አቆጣጠር 1900ን ሠግር ዓመት ሳያደርግ ዘለለ፣ የእኛ አልዘለለም፣ በመካከላችን አንድ ቀን ጨመረ። ይሄ ማለት ከዚያ በፊት የተወለደን ኢትዮጵያዊ ወደ ፈረንጅ ስትመልስ አንድ ቀን መቀነስ አለብህ ማለት ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተወለዱት ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. ነው። ዓለም የሚያውቀው ጁላይ 23 ብሎ ነው። በዚያ ዓመት ሐምሌ 16 የዋለው ግን ጁላይ 22 ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በየልደት ዝርዝሩ ከመርማሪ ልቦለድ ጸሐፊው ከሬይመንድ ቻንድለርና ሃሪ ፖተርን ሆኖ ከተጫወተው ከዳንኤል ራድክሊፍ ጋር ተሰልፈው ይገኛሉ። በትክክል ቢቆጠር ሰልፋቸው በኒው ዮርኩ የነጻነት ሐውልት ላይ ግጥሟ ከተቀረጸላት ከኤማ ላዛረስ ጋር ነበር። ከዚህም የባሰ አለ። በመጽሔቶቹ ሆሮስኮፕ የአንበሳ ኮከብ የሚጀምረው ጁላይ 23 ነው፣ 22 የሸርጣን መጨረሻ ነው። ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ የተባሉትን ንጉሥ አንድ ቀን ስናቃናላቸው ሸርጣን ሆነው አረፉት! እንግዲህ የቱን ጠባያቸውን እናንብብላቸው?

ሃያ ዓመት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በየዓመቱ አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «ሼክስፒርና ሰርቫንቴስ በአንድ ቀን መሞታቸው ይገርማል» ይለኝ ነበር። ሁለቱም ኤፕሪል 23 ቀን 1616 ተብሎ ይጻፋል፣ ዩኔስኮም የመጻሕፍት ቀንን በዚያ ላይ ተክሎታል። ያኔ ስፔን አዲሱን አቆጣጠር ይዛለች፣ እንግሊዝ አሮጌው ላይ ነበረች። በመካከላቸው አሥር ቀን አለ። የሼክስፒር ልደትም ኤፕሪል 23 ነው ይባላል። ማን ጻፈው? ማንም። የተጻፈው ክርስትና የተነሣበት ነው፣ ኤፕሪል 26 ቀን 1564። ከዚያ ሦስት ቀን ወደ ኋላ ተቆጠረና የእንግሊዝ ጠባቂ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቀን ላይ ተሰካ፣ ከሞቱም ቀን ጋር ገጠመ፣ አማረ። እንግሊዞችም እንደ እኛ እናቶች በታቦት ይቆጥራሉ ማለት ነው።

አንድም የማይፈስ ምሳሌ አልጠፋም። ሊንከንና ዳርዊን ራሳቸው ናቸው። ቀኑ ብቻ ሳይሆን ዓመቱም አንድ ነው፣ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1809። አንደኛው ኬንታኪ ውስጥ በግንድ በተሠራች ጎጆ ተወለደ፣ ትምህርት ቤት የዋለበት ቀን ቢደመር አንድ ዓመት አይሞላም። ሌላኛው እንግሊዝ አገር ሽሩዝበሪ ከሀብታም ሐኪም ቤት ተወለደ፣ ኤድንብራ ተማረ፣ ካምብሪጅ ተማረ፣ በአባቱ ገንዘብ ዓለምን ዞረ። አንድ ፀሐይ፣ አንድ ከዋክብት። ቀኑ ምን አደረገላቸው?

እኔን ከሁለቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሦስተኛው ሰው ነው። ከሊንከን ጋር በኋይት ሐውስ ቁጭ ብሎ የተነጋገረው ፍሬድሪክ ዳግላስ። በባርነት ሜሪላንድ ውስጥ ተወለደ፣ በ1817 ይሁን በ1818 እስከ ዕለተ ሞቱ በእርግጠኝነት አላወቀም። ልደቱን የሚያውቅ ባሪያ አይቶ እንደማያውቅ በ1845 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ነግሮናል። ነጮቹ ልጆች ዕድሜያቸውን ሲናገሩ እሱ ለምን እንደተከለከለ በልጅነቱ ይከነክነው ነበር። ጌታውን መጠየቅ ደግሞ እንደ ድፍረት ያስቆጥራል። ኋላ ነጻ ወጥቶ ታላቅ ሰው ሲሆን ፌብሩዋሪ 14ን ለራሱ መረጠ። ያ ቀን የተወለደበት ሳይሆን የመረጠው ነው። ታዲያ ዛሬ በየዝርዝሩ «ፌብሩዋሪ 14 የተወለዱ ታላላቆች» ተብሎ ስሙ ሲጠራ አያለሁ። የተነጠቀውን ነገር የተሰጠው አስመስለው ያነቡለታል።

አሁን ወደ ቤታችን።

የመምህርነት ዘመኔ ላይ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች «የተወለድኩበት ቀን» በሚል ርእስ አንድ ገጽ ጻፉ እል ነበር። ሐሳቤ ከቤተሰባቸው የሰሙትን እንዲተርኩ ነው። የስም ዝርዝሩ ላይ የልደት ቀን ስለነበረ አንድ ዓመት ሙሉ ክፍሉን ቆጠርኩት። ሒሳብ የሚያውቁ ሰዎች በአንድ ክፍል 23 ሰው ካለ ሁለቱ ልደት የመጋራት ዕድላቸው ከግማሽ በላይ ነው ይላሉ፣ 57 ከሆነ 99 በመቶ። ስለዚህ ልደት መጋራት ተአምር ሳይሆን፣ አለመጋራት ነው ተአምሩ። ከ120 ሚሊዮን በላይ በሆነ ሕዝብ ውስጥ ለእያንዳንዱ ቀን ከሦስት መቶ ሺህ ሰው በላይ ይደርሰዋል። ነሐሴ 12 መሪ የሚያወጣ ቢሆን ኖሮ ወንበሩ አይበቃንም ነበር። በእኔ ክፍል ግን 58 ተማሪዎች ነበሩ፣ ከእነሱ አሥራ አንዱ መስከረም 1 ተወለዱ። አሥራ አንድ! ይሄን የትኛውም ሒሳብ አያመጣውም። የቀበሌ ጸሐፊ ነው የሚያመጣው።

ከእነዚያ ከአሥራ አንዱ አንዷ ከአንድ ዓረፍተ ነገር በላይ አልጻፈችም። የተወለድኩበትን ቀን የሚያውቅ ሰው በሕይወት የለም የሚል ነበር። እኔም በቀይ እስክሪብቶ «ይብራራ» ብዬ መለስኩላት፣ ከአሥር ሦስት ሰጥቻት። ዛሬ ድረስ ያቺ «ይብራራ» የምትለው ቃል ሌሊት ትቀሰቅሰኛለች። ምኑን ታብራራው?

የወረቀት ቀን ቀልድ አይደለም። ዋሽንግተን የሚኖር አንድ ጓደኛዬ በፈረንጅ አዲስ ዓመት ሌሊት በሐበሻ ምግብ ቤት «መልካም ልደት» ሲዘፈን ግማሹ ሰው ቆሞ ይሰማል ይለኛል፤ በስደተኛነት የገባው ልደቱን አላውቅም ሲል ጃኑዋሪ 1 ተብሎ ይጻፍለታልና። ዓመቱን ሳይመልሱ እንዳለ የጻፉለትም አለ፣ የ1970ውን የእኛን የ1970 የፈረንጅ ያደረጉት፣ በአንድ ቀን ሰባት ዓመት ያረጀ ሰው። እስራኤልም እንደዚያው ነው። በ1977 ዓ.ም. በዘመቻ ሙሴ፣ በ1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰሎሞን የገቡ ሽማግሌዎች ዕድሜያቸው በሹም ግምት ተመዘገበ። ኋላ ጡረታ ሲጠይቁ ወገባቸው ሰባ ዓመት ነኝ ይላል፣ ወረቀቱ ስልሳ አልሞላህም ይላል። ወረቀቱ ያሸንፋል።

ሰፈራችን አንዲት ልጅ አለች። በአሥራ ስድስት ዓመቷ ደላላ መጣና በፓስፖርት የሃያ አራት ዓመት ሴት አደረጋት፣ ወደ ዐረብ አገር ሄደች። ሰባት ዓመት ቆይታ ተመለሰች። በቀደም የሙያ ሥልጠና ልትመዘገብ ብትሄድ ዕድሜሽ አልፏል ተባለች። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፣ በወረቀት ሠላሳ አንድ። የጎደሉትን ስምንት ዓመታት ከማን ትጠይቅ? ደላላው ሲያሳረጃት እንደ ልብ ያሳረጃት እኮ «አይደለችም» የሚል መዝገብ ስላልነበረ ነው። ልደቷ መስከረም 1 ይላል። እሷም ከእነዚያ ከሚሊዮኖቹ ጋር ልደት ትጋራለች፣ ለእነሱ ግን ማንም በሬዲዮ ሙዚቃ አይጋብዝም።

«መዝገብ አሁን መጥቷል» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ልደት መዝገብ አንቀጽ በአንቀጽ ጽፎ ነበር፣ መዝገቡ ግን ከሃምሳ ዓመት በላይ ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። በ2004 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 760 ወጣ፣ በ2008 ዓ.ም. በአገር ደረጃ ምዝገባ ተጀመረ። የተወለደ ልጅ በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት ይላል። ጥሩ ሕግ ነው። ግን የገጠሯን እናት «ለምን አላስመዘገብሽም?» ብትሏት ልጁ ገና ነው፣ ትምህርት ቤት ሲገባ ይደርሳል ትላለች፤ የማስመዝገቢያው ቦታ ሩቅ ነው፣ ሰልፉ ረጅም ነው፣ ጸሐፊው ስብሰባ ላይ ነው። እናቲቱ ላይ አልፈርድም። ክርስትና ለማስነሣት ወንዱን በአርባ፣ ሴቷን በሰማንያ ቀን ቆጥራ ሳትሳሳት ቤተ ክርስቲያን ትደርሳለች። ሙስሊሟ ጎረቤቷም በሰባተኛው ቀን አቂቃዋን አታሳልፍም። መቁጠር ያቃታት ማን እንደሆነ እንግዲህ አስቡት።

ኤፍ ኤሙ ይሄን ቢያወራ ምናለ? ያ ምላሱ የፈጠነ ልጅ «ዛሬ የወለዳችሁ፣ ዘጠና ቀን አላችሁ፣ ቀበሌያችሁ ይሄውላችሁ» ብሎ ሙዚቃውን ቢለቀው የምኒልክ ነፍስ የሚከፋት ይመስላችኋል? ስልክና የቧንቧ ውኃ ሲያስገቡ ሰይጣን ነው የተባሉ ንጉሥ ለአንድ መዝገብ ይከፋሉ?

እውነቱን ለመናገር በዚህ ነገር የራሴም ጥቅም ስላለበት ነው እንዲህ የጮህኩት። መታወቂያዬ ላይ መስከረም 1 ቀን 1962 ይላል፣ እኔም ከአሥራ አንዱ ወገን ነኝ። የተወለድኩት ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ካለ መንደር ነው፣ ከአንጎለላም ብዙ አይርቅም። እናቴ ሁልጊዜ የምትለው ፈረንጅ ጨረቃ ላይ ወጣ ተብሎ የሰፈሩ መምህርና ቄሱ በተጣሉበት ክረምት፣ ለቡሄ ተወለድክ ነው። ጨረቃው ሐምሌ 1961 ነው፣ ስለዚህ መስከረም 1962 ልሆን አልችልም። ይሄን ለአንድ የታሪክ ሰው ለሆነ ወዳጄ ብነግረው «አንጎለላ አጠገብ፣ ለቡሄ ዋዜማ? አንተ ሰውዬ ከምኒልክ ጋር አንድ ቀን ነህ እኮ!» ብሎ እጄን ጨበጠኝ። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። ሦስት ቀን ያህል ቀና ብዬ ሄድኩ።

ከሚኒባሱ የወረድኩ ማታ ለእናቴ ደወልኩላት። ሰማንያ አልፏታል፣ ጆሮዋ ግን ደህና ነው።

«እማዬ፣ እኔ የተወለድኩት ነሐሴ 12 ነው 13?»

«ማታ ልጆቹ ሆያ ሆዬ እያሉ ደጅ ሲመጡ ምጥ ያዘኝ። ዶሮ ሲጮህ ተወለድክ።»

«ታዲያ የትኛው ነው? ዋዜማው ነው በዓሉ?»

«ሌሊቱን ከየትኛው ልቁጠረው ልጄ? ከሚካኤል ነው ወይስ ከቡሄ? አሁን በስተርጅና ምን ያደርግልሃል?»

«አይ፣ እንዲሁ ለማወቅ ነው።»

ትንሽ ዝም አለች። «እኔ የማስታውሰው ለልጆቹ ሙልሙሉን አክስትህ ማውጣቷን ነው፤ እኔ መነሣት አቅቶኝ ነበር» አለች።